በኪሎ ከመሸጡ በፊት ስሙ ይጠየቅ

በብዙ ወረዳዎች የግብርና ጽሕፈት ቤት ግቢ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘን ጓሮና በቀድሞ የመንግሥት እርሻዎች ጋራዥ አንድ ዓይነት ክምር ይታያል። ሣር የዋጠው፣ ዝገት የወረሰው፣ ከየትኛው ማሽን እንደወጣ የሚናገርለት ያጣ ብረት ነው። በመዝገብ ላይ ቢገኝ እንኳ «ልዩ ልዩ ብረታ ብረት» ከመባል አያልፍም። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲቃረብ የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ይሰበሰባል፤ ክምሩ ይመዘንና በኪሎ ይሸጣል። በዚያው ወቅት የአንድ ማኅበር ትራክተር በአንዲት የካምቢዮ ጥርስ እጦት ቆሞ ዝናቡ ሲያልፈው ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

ብረቱ ከሰማይ አልወረደም። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ሰፋፊ እርሻዎችን በመንግሥት እጅ ካደረገ በኋላ፣ በክልላችን እንደ አየሁና ብር ባሉ እርሻዎች ከባድ ማሽን በስፋት ሠርቷል። በ1970ዎቹ ናዝሬት ላይ የተቋቋመው የትራክተር መገጣጠሚያም የሶቭየት ሥሪት የሆነውን ቤላሩስ ይገጣጥም ነበር። ማሴይ ፈርጉሰን ደግሞ ከዚያም በፊት ይታወቃል። ዛሬም እነዚህ ማሽኖች ከነድካማቸው ያርሳሉ። ስለዚህ ከክምሩ ውስጥ የሚፈለግ ዕቃ ሊኖር ይችላል፤ ጥያቄው ማን ይለየዋል ነው።

መለየት ደግሞ የሚመስለውን ያህል የረቀቀ ሥራ አይደለም። ብረቱ በናፍጣና በሽቦ ብሩሽ ይጽዳ፤ ቁጥሩ ከደበዘዘ ጠመኔ ይቀባበት። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ። ከብረቱ ጋር አብሮ የፈሰሰና ከፍ ብሎ የሚታይ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የቅርጹ ማውጫ ቁጥር ነው፤ ከአንድ ቅርጽ የወጡ ብረቶች ተሞርደው የተለያየ ዕቃ ሊሆኑ ይችላሉ። መለዋወጫውን የሚነግረን ተመትቶ ወደ ውስጥ የገባው ወይም በታርጋ ላይ ያለው ቁጥር ነው። ሁለቱም ይጻፉ፤ ግዥ ሲጠየቅ ግን አይምታቱ።

የቤላሩስ ቁጥር ራሱ ይናገራል። «50-1701» ብሎ የሚጀምር ዕቃ መጀመሪያ ለኤም ቲ ዜድ 50 የተሠራ ነው፤ ኤም ቲ ዜድ 80 ከእርሱ የተወለደ በመሆኑ ብዙው ለዚያም ይሆናል። ከሰረዙ ቀጥሎ ያሉት ሁለት አሃዞች ቦታውን ያሳያሉ፦ 16 ፍሪሲዮን፣ 17 ካምቢዮ፣ 24 የኋላ አክስል፣ 42 ፒቲኦ፣ 46 ሃይድሮሊክ። በማሴይ ፈርጉሰን ቁጥር መካከል ኤም የሚለው የላቲን ፊደል ይገኛል፤ ከኤሙ በኋላ 1 ካለ ነጠላ ዕቃ፣ 91 ካለ የተገጣጠመ ነው።

ኩሽኔታም እንዲሁ ነው። በተለመደው ባለ ኳስ ኩሽኔታ ላይ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች 04ና ከዚያ በላይ ከሆኑ በ5 ሲባዙ የውስጡን ስፋት በሚሊ ሜትር ይሰጣሉ። 6205 የሚለው 25 ሚሊ ሜትር ነው። በሶቭየት ዕቃ ላይ 205 ተብሎ የተጻፈውም ይኸው ነው። «205 ከገበያ ጠፋ» እያለ የሚንከራተት ሰው 6205 ከመደርደሪያ ላይ ሊያገኝ ይችላል። ብሎን ሲሆን ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ በድሮ ማሴዮች ላይ ኢንች ብሎን ይበዛል፣ በቤላሩስ ላይ ሚሊ ሜትር ነው። ግማሽ ኢንቹ 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከ12 ሚሊ ሜትሩ ጋር ዓይን ያምታታል። ዳዶው በግድ ከጠበቀ ጥርሱ ይበላል። የፒቲኦ ዘንግ ጥርስም ይቆጠር፤ በቤላሩስ ላይ ባለ 6ም ባለ 8ም ስላለ «የትራክተር ዘንግ» ብሎ መመዝገብ ምንም አለመመዝገብ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ካታሎግ ግን አለን። በመንግሥት እርሻ ዘመን ቁልፍ የጨበጡ መካኒኮች ዛሬ በየከተማው ጡረታ ላይ ናቸው። አንዱን አባት በክብር ጠርቶ፣ ሻይ አቅርቦ፣ የአንድ ቀን አበል ከፍሎ ክምሩን ማሳየት ወረዳን አያደኸይም። እነሱ ካለፉ ግን ብረቱ ዲዳ ሆኖ ይቀራል።

ሁሉም ይቀመጥ ማለታችን አይደለም። የተሰነጠቀ ቴስታታ፣ ጥርሱ ያለቀ ማርሽ ይሸጥ፤ ግቢም ይጽዳ። የምንጠይቀው አስወጋጅ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ከመፈራረሙ በፊት እያንዳንዱ ዕቃ ማስመሪያ ከጎኑ ተደርጎ ፎቶ እንዲነሣ፣ ቁጥሩ እንዲጻፍና ዝርዝሩ በዞኑ ላሉ ወረዳዎችና ዩኒየኖች እንዲደርስ ነው። አንዱ ጋ የተረፈው ሌላው ጋ የጎደለ ሊሆን ይችላል። ዝውውሩ ደግሞ በሞዴል 22 ወጥቶ በሞዴል 19 የሚገባ፣ የታወቀ ሥራ ነው።

አርሶ አደሮችም በማሳችሁ ወይም በገደል ሥር ያገኛችሁትን ያልታወቀ ብረት ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ለግብርና ባለሙያው አሳዩ። ይህ ግን የማሽን አካል መሆኑ ለታወቀ ብረት ብቻ ነው። ውጊያ በነበረበት ቦታ የተገኘ፣ ሾጠጥ ያለ፣ ክንፍ ወይም ቀለበት ያለው፣ ምንነቱ የሚያጠራጥር ብረት ያልፈነዳ ተተኳሽ ሊሆን ይችላል። እርሱን አታንሡ፣ አትፋቁ፣ በመዶሻ አትምቱ፣ ወደ ቤት አታምጡ። ልጆችን አርቁ፤ ቦታውን ከሩቅ ምልክት አድርጉና በአቅራቢያው ላለው ፖሊስ ወዲያው አሳውቁ።