ሳይድኑ ማመስገን

«እንዴት ናችሁ?» ሲሉን «እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። በስልክ፣ በሊፍት ውስጥ፣ መንገድ ላይ ቆመን በመኪና መስኮት። ብዙ ጊዜ ሳናስበው ከአፋችን የሚወጣ ቃል ነው። እኔም ባለቤቴ እስኪታመም ድረስ ይህ ቃል ምን ያህል ከባድ ሊሆን እንደሚችል አላውቅም ነበር።

የባለቤቴ ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ሁለተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ምክንያቱ ለዓመታት ሳይታወቅ የቆየ የደም ግፊት ነው። ራስ ምታቱን የሥራ ብዛት፣ ድካሙን የዕድሜ ነገር እያልን አሳለፍነው። አሁን ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ አራት አራት ሰዓት ዲያሊሲስ ላይ ይውላል። ደሙ በቱቦ ወጥቶ በማሽን ይጣራና ተመልሶ ይገባል። ኩላሊቱ ውኃ ማስወገድ ስለማይችል የሚጠጣው ሁሉ በልክ ነው፤ ሐኪሙ የፈቀደለት በቀን ሦስት ትንንሽ ብርጭቆ ነው። ሾርባውም፣ ቡናውም፣ ጠበሉም እዚያው ውስጥ ይቆጠራል። ሙዝና አቮካዶ ከቤታችን ከጠፉ ቆዩ። መኪናችንን ሸጠናል። የዕቁቡም ብር ለሕክምና ሄዷል።

ጠያቂ አልተለየንም፤ እግዜር ይስጥልን። ነገር ግን አንድ ቀን አንዲት ዘመዳችን ሶፋው ላይ እንደተቀመጡ «ኧረ ተመስገን በሉ! ስንት የባሰበት አለ» አሉን። ክፋት አልነበረባቸውም። እኔ ግን ቡናውን ትቼ ወጥ ቤት ገባሁና አለቀስኩ። ከእኛ የባሰበት ሰው መኖሩ እኔን እንዴት ያጽናናኛል? ምስጋናዬ በሌላ ሰው ሥቃይ ላይ እንዲቆም አልፈለግሁም።

የአሥር ዓመቱ ልጃችን ጥያቄ ደግሞ ከዚህም ይበልጥ ከበደኝ። አንድ ረቡዕ ማታ ጸሎት አድርሰን ስናበቃ «እማዬ» አለኝ፤ «ሰንበት ትምህርት ቤት ስለ አሥሩ ለምጻሞች ተምረናል። ሰውየው ተመልሶ ያመሰገነው ከዳነ በኋላ ነው። አባዬ እኮ አልዳነም። ታዲያ ለምንድን ነው የምናመሰግነው?»

መልስ አልነበረኝም። ባለቤቴ ከዲያሊሲስ ተመልሶ ሶፋው ላይ ጋደም ብሏል። ለማታ ያስቀራት ሦስተኛዋ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ናት።

«እኔም እንዳንተው ጠይቄ ነበር» አለው። «ጌታችን ኅብስቱን ይዞ ያመሰገነው መቼ እንደሆነ ታውቃለህ? ሐሙስ ማታ ነው፤ በማግስቱ እንደሚሰቀል እያወቀ። ከዚያ ጌቴሴማኒ ሄዶ፣ በግንባሩ ተደፍቶ፣ መከራው እንዲያልፍለት አባቱን ለመነ። ሁለቱም በአንድ ሌሊት የሆኑ ናቸው። ስለዚህ እኔም ሁለቱንም አደርጋለሁ። በሽታው እንዲያልፍልኝ እለምናለሁ፤ ስለዚህች ውኃ ደግሞ አመሰግናለሁ።» ብርጭቆዋን አነሣና ቀስ ብሎ ጠጣት።

በዚያች ማታ የተማረው ልጃችን ብቻ አልነበረም። «አኮቴት» በግእዝ ምስጋና ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ጌታ በዚያች ሐሙስ ማታ የፈጸመውን የምታስብበትን ቅዳሴ «አኮቴተ ቁርባን» ትለዋለች። ከልጅነቴ ጀምሮ ቅዳሴ ቆሜያለሁ፤ ምስጋናው የተጀመረው በመከራ ዋዜማ መሆኑን ግን ልብ ብዬው አላውቅም። እኔ ምስጋና ነገሩ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የቤታችን ጸሎት ተለውጧል። መጀመሪያ እያንዳንዳችን የከበደንን እንናገራለን። ትልቋ ልጄ ሌሊት ስልክ ሲጮህ እንደምትፈራ የነገረችን በዚህ ሰዓት ነው፤ ለካ ለወራት ብቻዋን ይዛው ኖራለች። ከዚያ በኋላ እናመሰግናለን፤ ምስጋናችን ግን «ስለ ሁሉም ነገር» ተብሎ አይዘጋም፤ አንድ በአንድ ይጠራል። መርፌውን በመጀመሪያው ሙከራ ስላስገባችለት ነርስ። ዓርብ ዓርብ በማለዳ የቤንዚን እንኳ ሳይቀበል ስለሚያደርሰን ጎረቤት። ኩላሊቱን ሊሰጠው ምርመራ ስለጀመረው ታናሽ ወንድሙ። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ከዚያ በፊት ቢሆን እንዲህ ያለው ተስፋ ባሕር ማዶ መሻገርን የሚጠይቅ ነበር። ይህንንም በጸሎታችን እናነሣዋለን። የምርመራው ውጤት ገና አልመጣም።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ምስጋና የላቦራቶሪ ውጤት አልቀየረልንም። ባለቤቴም ሁልጊዜ ብርቱ አይደለም። ከማሽኑ ተነሥቶ እግሩን ቁርጠት ሲይዘው፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ የሚተኛበት ማታ አለ። በዚያ ማታ «ተመስገን በል» የሚለው የለም። እኛ ስለ እርሱ እናመሰግናለን፤ ካልቻልንም አጠገቡ ዝም ብለን እንቀመጣለን። እግዚአብሔር የእኛን ዝምታም የሚሰማ ይመስለኛል። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ቀድሞ በሽታው ቤቱን ሁሉ ሞልቶት ነበር፤ አሁን የበሽታው ያልሆነውንም ማየት ጀምረናል።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ወር የታመመ ሰው ልትጠይቁ ከሄዳችሁ «አመስግን» ብላችሁ አትዘዙት። ይልቅስ የምስጋናው ምክንያት ሁኑለት። ጨው ያልበዛበት ወጥ ሠርታችሁ ውሰዱ፤ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አምጡለት፤ አንድ ቀን ሐኪም ቤት አብራችሁት ዋሉ። ከቤታችሁ ስትወጡ ደግሞ በአቅራቢያችሁ ባለ ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ ግፊታችሁንና ስኳራችሁን ተለኩ። ኩላሊትን ከሚጎዱት ዋነኞቹ ሁለቱ ናቸው፤ ብዙውን ጊዜም ምልክት ሳያሳዩ ይቆያሉ። ያለንን ጤና መጠበቅም አንዱ የምስጋና መንገድ ነው።

ትናንት ማታ ልጄ ለአባቱ ሦስተኛዋን ብርጭቆ ራሱ ቀድቶ አመጣለት። እንዳትፈስበት በሁለት እጁ ይዟታል። «አባዬ፣ ዛሬ ማመስገኑ የእኔ ተራ ነው» አለ።

የታመሙትን ሁሉ እግዚአብሔር ይማርልን።