ለእንግዴ ልጅ፤ ከአንዲት አዋላጅ የተላከ ምስጋና

ይድረስ ለእንግዴ ልጅ፣

ደሴ ተወልጄ ኮምቦልቻ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። እኛ አገር ሴት ምጥ ሲይዛት ጎረቤቱ «ማርያም ትማርሽ» ይላል፤ ዱበርቲዎቹም ዱዓ ያደርጉላታል። ስትገላገል ደግሞ ሁሉም «ምን ወለደች?» ብሎ ይጠይቃል። አንተን ግን «ወጣ ወይ?» ከማለት አልፎ የሚያነሳህ የለም። ዘጠኝ ወር ሙሉ ስለደከምክ እኔ ላመስግንህ።

ስትወጣ በሁለት እጄ ተቀብዬ እያገላበጥኩ አይሃለሁ። በልጁ በኩል ያለው ገጽህ ያብረቀርቃል፤ የእትብቱ ደም ስሮች እንደ ዋርካ ሥር ተዘርግተውበታል። በእናትየው በኩል ያለው ጥቁር ቀይና ክፍልፋይ ነው። ክብደትህ ግማሽ ኪሎ ቢሆን ነው። ይህችን አክለህ የአንዲትን ሴት ሰውነት ከራስ እስከ እግሯ ስታዝ ከረምክ።

ሥራህን የጀመርከው እሷ ማርገዟን ሳታውቅ ነው። ጽንሱ ማህፀኗ ላይ እንደተጣበቀ፣ ኋላ አንተን የሚሆኑት ሴሎች ኤችሲጂ የተባለውን ሆርሞን ወደ ደሟ ይለቃሉ። ሆርሞኑ እንቁላሉ ከወጣ በኋላ የቀረችውን እጢ እንዳትከስም፣ ፕሮጄስትሮን ማመንጨቷንም እንዳታቋርጥ ያደርጋታል። ፕሮጄስትሮን ከተቋረጠ የወር አበባ ይመጣል፤ ጽንሱም አይቆይም። ኤችሲጂ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየሁለት ሦስት ቀኑ እጥፍ ይሆናል። በሽንት ምርመራ ሁለተኛዋን መስመር የሚያወጣትም እሱ ነው። ከ7ኛው እስከ 10ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ደግሞ ፕሮጄስትሮን የማመንጨቱን ሥራ ራስህ ትረከባለህ።

ስለ ሴቶቹ ግን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። «ሰነፈች»፣ «ተሞላቀቀች» እየተባለች የምትመጣ አለች። በኮምቦልቻ ሙቀት ልብስ ስትሰፋ ውላ፣ ምራቋን መዋጥ አቅቷት፣ ውሃ እንኳ ሆዷ አልረጋ ብሎ። «አብሽሪ» እላታለሁ። በ2023 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው ለማቅለሽለሹ ትልቁ ምክንያት ጂዲኤፍ 15 የተባለ ሆርሞን ነው፤ በብዛት የሚመጣውም ከአንተው ነው። ከእርግዝና በፊት በደማቸው ውስጥ ጥቂት ብቻ የነበራቸው ሴቶች ስላልለመዱት ይበልጥ ይጎዳሉ። ይህን ባልና አማት ቢሰሙልኝ ምንኛ ደስ ባለኝ! ማስታወኩ በርትቶ ሽንቷ ከቀነሰና ራሷን ካዞራት ግን ቤት መተኛት የለባትም፤ ሐኪም ዘንድ ትምጣ።

ደሴ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ዳገቱን ስትወጣ ሆዷ ገና ሳይታይ ትንፋሽ ያጠራትስ? ከተማዋ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ፕሮጄስትሮንህም በጥልቀት እንድትተነፍስ ይገፋታል። ያለጊዜው እንዳታምጥ ማህፀኗን የሚያረጋጋው ይኸው ሆርሞን ነው፤ አንጀቷንም አብሮ ስለሚያዘገየው ቃርና ድርቀቱ ከዚያ ይመጣል።

ለልጁ ስኳር እንዲተርፈው የእናቱ ሰውነት ለኢንሱሊን ቶሎ እንዳይታዘዝ ታደርጋለህ። ቆሽቷ ካልቻለው የእርግዝና ስኳር ይከተላል፤ ከ24 እስከ 28ኛው ሳምንት ተመርመሩ የምንለውም ለዚህ ነው።

ኤችሲጂ የታይሮይድ እጢዋንም ይቀሰቅሳል። እጢዋ ለሁለት ስለሚሠራ አዮዲን በብዛት ይፈልጋል፤ ለነፍሰ ጡር የሚመከረው በቀን 250 ማይክሮግራም ነው። ዝናብ አፈሩን ባጠበበት በወሎ ደጋ እንቅርት የቆየ ችግር ነው። ስለዚህ ከአፍዴራ የሚመጣውም ይሁን ሌላው ጨው አዮዲን የገባበት መሆኑን አይታችሁ ግዙ እላለሁ። ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ ወጡም ላይ መጨረሻ ይጨመር።

ከሁሉ አብልጬ የማመሰግንህ ግን ስለ አወጣጥህ ነው። አንተ በማህፀን ሳለህ ወተት የሚያመነጨው ፕሮላክቲን ቢበዛም ፕሮጄስትሮንህ ወተቱን ይዞ ያቆየዋል። ስትወጣ ፕሮጄስትሮኑና ኢስትሮጅኑ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያሽቆለቁላሉ። በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ቀን ጡቷ ይሞላል፤ በዚያው ሰሞን አራሷ ያለምክንያት ታለቅሳለች። ገንፎ ይዘው የመጡት «ምን ጎደለሽ?» እያሉ ባይቆጧት እወዳለሁ። ለቅሶው ሁለት ሳምንት ካለፈ ደግሞ ለሕክምና ይዘዋት ይምጡ።

ቁራሽህ ማህፀን ውስጥ ከቀረ ደም ይፈሳል፤ ወተቱም ሊዘገይ ይችላል። አንድ ክፍልህ እንዳልጎደለ ሳላረጋግጥ ከእጄ የማላስቀምጥህ ለዚህ ነው።

አክባሪህ፣
አዋላጇ፣ ከኮምቦልቻ