ሞቱ አስቀድሞ ይጣራ

ልቡ እየመታ፣ ደረቱም ከፍ ዝቅ እያለ ሳለ ሕፃንሽ ሞቷል ቢሏት የትኛዋ እናት በጄ ትላለች? ገላው እኮ ይሞቃል። ሐኪሞቹ ግን አንጎሉ ከነግንዱ ሥራውን ፈጽሞ አቁሟል፤ የሚተነፍስለት መኪናው ነው ይላሉ። እኛም ይህን ፍርድ እንቀበላለን። የምንከራከረው ስለ አካሄዱ ነው፤ ይልቁንም ሌላ ሕፃን ለማዳን የዚህኛው ልብ ወይም ኩላሊት ሲፈለግ።

በዚህ ነገር ጥርጣሬ ከገባ ምን እንደሚያደርስ ጃፓኖች ያውቁታል (ዘመኑን በፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፋለን)። በ1968 ዶክተር ዋዳ ጁሮ ሳፖሮ ላይ፣ ባሕር ሰጥሞ ከነበረ የ21 ዓመት ወጣት ልብ አውጥተው ለሌላ ወጣት ተከሉ። ተቀባዩ 83 ቀን ኖሮ ሞተ። ለጋሹስ በእርግጥ ሞቶ ነበርን? ሞቱን የፈረዱትና ልቡን የፈለጉት እነዚያው ናቸው የሚል ክርክር ተነሣ። የነፍስ ግድያ አቤቱታ ቀረበ፤ ዐቃቤ ሕግ ክስ ሳይመሠርት ተወው፤ ጥርጣሬው ግን ቀረ። በዚያ አገር ሁለተኛው የልብ ተከላ የተደረገው በ1999 ነው! በ1997 የወጣው ሕግም ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከሞቱ በኋላ ልባቸው እንዲሰጥ አልፈቀደም። ስለዚህ ትንሽ ልብ የሚሹ ሕፃናት ወላጆች ከሕዝብ ገንዘብ እየለመኑ አሜሪካ ድረስ ይሄዱ ነበር። ሕጉ ተሻሽሎ የጸናው በ2010 ነው።

አዲሱ ደንብ ዕድሜያቸው ከ6 ዓመት በታች ለሆኑት ሁለት ምርመራ ያዝዛል፤ በመካከሉም ቢያንስ 24 ሰዓት ይጠበቃል። የሚመረምሩት ሐኪሞች በተከላው እጃቸውን አያስገቡም። ልጁ ተበድሎ ይሆናል የሚል ጥርጣሬ ካለም ልገሳ የለም። በምርመራው የቀዘቀዘ ገላ አስቀድሞ ይሞቃል፤ የሚያደነዝዝ መድኃኒትም ከደም እስኪወጣ ይጠበቃል። በመጨረሻ ኦክስጅን ሳይቋረጥ መኪናው ይቆምና፣ የተቃጠለው አየር በደሙ ሲጠራቀም ልጁ በራሱ ለመተንፈስ ይሞክር እንደሆነ ይታያል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ ሌላው ሕፃን እየሞተ አንድ ቀን ሙሉ መጠበቅ ጭካኔ ነው ይሉናል። ጭንቀታቸው ይገባናል፤ ነገር ግን ከአንድ ቀንና ከሠላሳ ዓመት የቱ ይረዝማል?

ደግሞም ሞቱን ያረዳው ሐኪም በዚያው አፉ ልቡን አይለምን። ልመናውን ሌላ ሰው ያቅርበው፤ እርሱም ወላጆቹ አልቅሰው ነገሩን ከተረዱ በኋላ ይሁን። እምቢ ካሉ ማንም አይገሥጻቸው። ከፈለጉም መኪናው ሲቆም አጠገቡ ቆመው ደረቱን በዓይናቸው ይዩ።