«ዝም ብለህ ኢላማውን እይ» ማስተማር አይደለም!

ማነጣጠሪያ በሌለው ቀስት እንዴት ይነጣጠራል ሲባል አንድ መልስ አይጠፋም፦ «ኢላማውን ብቻ እይ፣ እጅህ ራሱ ያገኘዋል፤ ተሰጥኦ ነው!» ይቅርታ ይደረግልኝና ይሄ ማስተማር ሳይሆን ተማሪን መገላገል ነው።

የፊዚክስ መምህር ነኝ። በሰከንድ 50 ሜትር የምትበር ፍላጻ 20 ሜትር ለመድረስ 0.4 ሰከንድ ይፈጅባታል፤ በዚያች ቅጽበት ስበት ወደ 80 ሳንቲ ሜትር ያወርዳታል። ስበት ተሰጥኦ አያውቅም!

ዘዴው ይሄው፦ ጅማቱን ሁሌም ጉንጫችሁ ላይ አንድ ቦታ ድረስ ሳቡ። የፍላጻዋን ጫፍ ኢላማው ላይ አድርጋችሁ በትክክል የምትመቱበትን ርቀት ፈልጉ። ፍላጻዋ ከዓይን በታች ሆና ሽቅብ ስለምትነሳ፣ ከዚያ ርቀት ስትቀርቡ ጫፏን ከኢላማው ዝቅ፣ ስትርቁ ከፍ አድርጉ። ምን ያህል እንደሆነ ደብተር ላይ ጻፉ።

በደመ ነፍስ የሚመቱ አሉ፣ አልክድም። ግን እነሱም ስንቴ ስተው ነው እጃቸው የለመደው!

አምና በቀርከሃ ቀስት ስንለማመድ አንዲት ተማሪዬ ሦስት ቀን ሙሉ ስታ «ለኔ አልተፈጠረም» ብላ ተወችው። «ዝም ብለሽ እይ» ያልኳት እኔው ነበርኩ። ጥፋቱ የኔ ነው።

ሒሳብ አልገባ ያለውን ልጅ «ጭንቅላት የለህም» የምንል መምህራንም ያው ነን። መጀመሪያ መንገዱን እናሳይ፤ ስለ ተሰጥኦ በኋላ እናወራለን።