ጦስኝ ይጠጣ፤ ሳሉ ግን ከየት መጣ?

ብርዱ ሲገባ በየሐበሻ ሱቁ ጦስኝ ይፈለጋል። ሌሊት ደረቅ ሳል የሚያስነሣው ሰው ጦስኝና ዝንጅብል አፍልቶ፣ ማር ጨምሮ ፉት ሲለው ጉሮሮው ይለሰልሳል። ይህ የአሮጊቶች ወሬ ብቻ አይደለም።

በሚገባ የተመሰከረለት ማሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ጉንፋን ይዟቸው ሌሊት የሚያስሉ 105 ልጆች ተጠንተው ነበር። ከመኝታ በፊት ማር የቀመሱት ምንም ካልተሰጣቸው ይልቅ ሳሉ ቀለል ብሎላቸው አድረዋል፤ የፋርማሲው የሳል ሽሮፕም ከማሩ አልበለጠም። በ2012 እስራኤል ውስጥ በ300 ሕፃናት ላይ የተደረገው ጥናትም ማርን ደግፏል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ፈጽሞ አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የተባለ አደገኛ መመረዝ ያመጣል። አያት ብትቆጣም!

የጦስኝ ማስረጃ ቀጠን ይላል። በ2006 ጀርመን ውስጥ የተፈተነው ሽሮፕ ሳል ቀንሷል፤ ነገር ግን የአውሮፓ ጦስኝ ከሌላ ሐረግ ቅጠል ጋር የተቀላቀለበት ሲሆን፣ የተፈተነውም አክታ ባለው ሳል ላይ ነው። የመንዝና የባሌ ጦስኝ ዘመዱ ነው፤ ዘመድ ስለሆነ ግን ምስክርነት አይወርስም። ጤና አዳምን ደግሞ እርጉዝ ሴት ባትጠጣው ይሻላል።

ጭንቁ ያለው ሌላ ዘንድ ነው። ለደም ግፊት ኢናላፕሪል ወይም ሊዚኖፕሪል የሚውጡ አንዳንድ ሰዎችን መድኃኒቱ ራሱ ደረቅ ሳል ያስላቸዋል፤ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ይጀምራል። ይህን ሳል ጦስኝ በጀበና ቢፈላ አያቆመውም። መፍትሔው ክኒኑን በገዛ እጅ መጣል ሳይሆን ለሐኪም ነግሮ ማስለወጥ ነው፤ ሳል የማያመጡ ሌሎች የግፊት መድኃኒቶች አሉ።

ሦስት ሳምንት ያለፈው፣ በተለይ የሌሊት ላብና መክሳት የተጨመረበት ሳል ደግሞ ለቲቢ መመርመር አለበት። ተሕዋሲው ከሀገር ቤት ተይዞ ዓመታት ተኝቶ ከቆየ በኋላ ሊነቃ ይችላል። አብረውት የሚኖሩት እንዳይሸሹት ፈርቶ ሳሉን በትራስ አፍኖ የሚያድር ሰው፣ ክፍሉን ለሚጋሩት ሁሉ በሽታውን ሊያካፍል ይችላል። በሽታው ግን ይድናል፤ በተለመደው ሕክምና መድኃኒቱ ለወራት ይወሰዳል፤ በብዙ የአሜሪካ ከተሞችም የጤና ቢሮዎች በነፃ ይሰጡታል። ሐኪሙ ፊት ሲቀርብም ቤት ውስጥ የሚጠጣውን ቅጠል ሁሉ ስሙን ጠርቶ መናገር ነው፤ ከመድኃኒቱ ጋር የማይስማማ ካለ የሚታወቀው ያኔ ነው።