መስኮቱን ማን ይክፈተው?

በደቡብ ወሎዋ አጅባር ውርጩ ገና አልለቀቀም። ዜሮ ክፍል ውስጥ ሕፃናቱ በአግዳሚ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ብርድ እንዳይገባ የሳንቃው መስኮት ተቀርቅሯል። አንዱ ልጅ ይስላል፤ አፍንጫውን በእጅጌው ይጠርጋል፤ ተነስቶም ጥግ ካለው ባልዲ በፕላስቲክ ኩባያ ውኃ ቀድቶ ይጠጣል። ከዚያ ኩባያውን ለጓደኛው ያቀብለዋል። ያለው ኩባያ አንድ ብቻ ነው።

“የበሽታ መከላከል ሥራው ተጠናክሮ ቀጥሏል” የሚባለው እንዲህ ስላለው ክፍል ነው?

የቀጠለው ምኑ ነው? መጋቢት 2012 ኮሮና አገር ውስጥ መግባቱ እንደተነገረ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ጥቅምት 2013 መከፈት ሲጀምሩ በአንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 ተማሪ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ እጅ መታጠቢያ ተባለ። በየበሩ ቧንቧ የተገጠመላቸው በርሜሎች ቆሙ። ዛሬ ውኃ ያላቸው ስንቶቹ ናቸው? ሳሙናስ? የመሙላቱ ተራ የማን ነው? የተማሪው ቁጥር ገደብስ የት ገባ? ለኮሮና ብቻ ነበር የወጣው? ትክትክና ኩፍኝ መጨናነቅ አይወዱም ያለ ባለሙያ አለ?

“ክትባት አለ” ይባላል። እሰየው፣ አለ። ግን ትክትክን የሚከላከለው ክትባት የሚሰጠው ሕፃኑ 6፣ 10 እና 14 ሳምንት ሲሞላው ነው። ዜሮ ክፍል ሲገባስ ስንት ዓመቱ ነው? ክትባቱ የሰጠው አቅም ከዓመት ዓመት እየደከመ መሄዱን የማያውቅ ኃላፊ አለ? የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር ይሰጣል፤ በ15 ወር ይደገማል። ሁለተኛውን ያልወሰደውን ልጅ ማን ይለየዋል? ምዝገባ ቀን ዕድሜ ይጠየቃል፤ የክትባት ካርድስ ይጠየቃል? ካርድ የሌለው ልጅ ወደ ጤና ኬላ ይላካል ወይስ ወደ ወንበሩ?

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በጎረቤት መቅደላ ወረዳ ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት ትክትክ በወረርሽኝ መልክ ተከስቶ ነበር። ተጠንቷል፤ ጥናቱም ታትሟል። ማን አነበበው? ካነበቡትስ በኋላ በሕፃናቱ ክፍል ውስጥ የተለወጠ አንድ ነገር ማሳየት ይቻላል?

ልጁ እያሳለው ሲመጣ መምህሯ ምን እንድታደርግ ነው የተነገራት? ትክትክ የያዘው ልጅ ካልታከመ ለሦስት ሳምንት ያህል ሌላውን ሊያሲዝ ይችላል፤ ተገቢውን መድኃኒት ከጀመረ ግን 5 ቀን ይበቃል። ይህን ልዩነት ለወላጅ ማን አስረዳ? ኩፍኝ ደግሞ የታመመው ልጅ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ 2 ሰዓት አየሩ ላይ ይቆያል። መስኮቱ በተቀረቀረ ክፍል ውስጥ ያ አየር ወዴት ይሄዳል?

ጥፋቱን እናት ላይ መደፍደፍ ይቀላል። “ሳል ብቻ ነው፣ ይለቀዋል” ብላ ላከችው ይባላል። ገበያ ወጥታ መዋል ያለባት እናት ልጁን ለማን ትተወው? መምህሯ ራሷ ስትታመምስ የሚተካት አለ? ወይስ እሷም እየሳለች ታስተምር?

መልሱ ሁሌ “በጀት የለም” ነው። መስኮት መክፈት ስንት ብር ይፈጃል? ብርዱ እውነት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይከፈት ያለም የለም። ልጆቹ ለእረፍት ሲወጡ በሩንና መስኮቱን ለሩብ ሰዓት ብርግድ ማድረግ ግን የየትኛውን ሣጥን ገንዘብ ያጎድላል? ፀሐይ ስትሞቅ መዝሙሩን ሜዳ ላይ ማስዘመርስ? እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ኩባያ ይዞ ይምጣ ብሎ ለወላጅ መንገር የማን ፊርማ ይጠብቃል?

በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ስንቱን ከጨረሰ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እናቃጥላለን፤ ኅዳር ሲታጠን እንላለን። በትንፋሽ የመጣን በሽታ በጭስ እያስታወስን ስንት ዓመት እንቀጥል? ለኅዳር 13ስ ምን ተዘጋጅቷል?

የእረፍት ደወል ተደወለ። ሕፃናቱ እየተጋፉ ወጡ። መስኮቱ እንደተዘጋ ነው። መቀርቀሪያው ከውስጥ ነው፤ ግን የልጆቹ እጅ አይደርስበትም። የሚደርስበት እጅ የማን ነው?