በንጹሕ አይጥ ላይ የቆመ ትምህርት

የአንጀት የበሽታ መከላከያ ሥርዓት እንዴት እንደሚሠራ፣ ለምንስ አንዳንዴ ተገልብጦ የገዛ አካሉን እንደሚያጠቃ በየዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው ትምህርት በአመዛኙ የተገኘው ከአንድ እንስሳ ነው። እንስሳው ከጀርም በተጠበቀ ክፍል ተወልዶ፣ የተጣራ አየር እየሳበ፣ ከጀርም የጸዳ መኖ እየበላ የሚያድግ የላብራቶሪ አይጥ ነው። በአይጥ መመራመር ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ በአይጥ የታየውን የሰው አንጀት ሥዕል ላይ አስፍሮ፣ ምንጩን ሳይናገሩ፣ የሰው ተፈጥሮ ነው ብሎ ማስተማር ነው። ተማሪው ለፈተና የሚሸመድዳቸው ሴሎችና ቀስቶች በማን ሆድ ውስጥ እንደታዩ አይጠይቅም፤ የሚነግረውም የለም።

እ.ኤ.አ. በ2016 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የላብራቶሪ አይጦችን ከእንስሳት መሸጫ ሱቅ ከተገዙ ተራ አይጦች ጋር በአንድ ሳጥን አኖሩ። ከንጹሖቹ የተወሰኑት በበሽታ ሞቱ። የተረፉት ግን ያለፈ በሽታን በሚያስታውሱ ቲ ሴሎች ተሞሉ፤ የመከላከያ ሥርዓታቸውም የአዋቂ ሰውን መሰለ። አብሮ ያልኖረው ንጹሕ አይጥ ሲመረመር የቀረበው ለአዋቂ ሳይሆን ገና ለተወለደ ሕፃን ነበር። እንግዲህ ስለ አዋቂ በሽተኛ አንጀት ስንናገር ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው፣ ከምንም ነገር ጋር ታግሎ የማያውቅን አካል ነው።

ይህ ክፍተት የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ምንም አልቀረውም። ቲጂኤን1412 የተባለው መድኃኒት ከታሰበላቸው በሽታዎች አንዱ ሩማቶይድ አርትራይተስ የተባለው የመገጣጠሚያ ሕመም ነበር። በላብራቶሪ አይጦች ላይ ተመሳሳይ መድኃኒት ሲሞከር ሰውነትን የሚያረጋጉ ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎችን አበዛ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2006 ለንደን ውስጥ፣ በኖርዝዊክ ፓርክ ሆስፒታል፣ ለእንስሳት ደኅና ነው ከተባለው መጠን 500 ጊዜ ያነሰው ለስድስት ጤነኛ ፈቃደኞች ተሰጠ፤ ስድስቱም በሰዓታት ውስጥ ከፍተኛ ሕክምና ክፍል ገቡ። ቀድሞ የተሞከረባቸው ጦጣዎችም አላስጠነቀቁም፤ ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በአይጥ ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች ከዱር እናቶች የተወለዱ፣ የዱር ባክቴሪያ በአንጀታቸው የያዙ አይጦችን በዚህ ዓይነት መድኃኒት ሲፈትሹ፣ አይጦቹ እንደ ሰዎቹ በብግነት ተናወጡ። የዘር መስመሩ ያው የላብራቶሪው ነበር፤ የተለየው አብሯቸው ያደገው ረቂቅ ተሕዋስ ነው።

የንጹሕ አይጥ ደጋፊዎች ንጽሕናው የሚያስፈልገው ውጤት እንዲደገም ነው ይላሉ። ለአንድ ላብራቶሪ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ላብራቶሪ ሲቀየር ግን ዋስትናው ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ኒውዮርክ ውስጥ የዳን ሊትማን ቡድን እንዳሳየው፣ ታኮኒክ ከተባለው የአይጥ ሻጭ በተገዙ አይጦች አንጀት ቲኤች17 የተባሉት ሴሎች ሲገኙ፣ ጃክሰን ከተባለው ሌላ ሻጭ ከመጡት፣ ዘራቸው አንድ ከሆነ አይጦች አንጀት ግን ጠፉ። ልዩነቱ አንድ ክር መሳይ ባክቴሪያ ነበር። የአይጥ ሻጭ ለውጥ የሚገለብጠው ግኝት እንደ ጠቅላላ ሕግ ሊሰጥ አይገባም። እነዚሁ ሴሎች የሚያመነጩትን ኢንተርሊዩኪን 17 ማገድ ክሮንስ በተባለው የአንጀት ብግነት ሕሙማን ላይ ሲሞከር፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ውጤት መድኃኒቱ አልጠቀመም፤ እንዲያውም ባዶ መድኃኒት ከወሰዱት ይልቅ የባሰባቸው ነበሩ። ያው መድኃኒት ሶሪያሲስ ለተባለው የቆዳ በሽታ ግን ይሠራል። በአይጥ የተገኙት ማስረጃዎች ቀድሞውኑ እርስ በርስ ይጋጩ ነበር፤ በትምህርት ሥዕሉ ላይ ግን ቀስቱ አንድ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። አይጥ ባይኖር ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎችን ባላወቅን ነበር፤ የ2025ቱ የኖቤል ሽልማትም ለሺሞን ሳካጉቺ፣ ለሜሪ ብሩንኮና ለፍሬድ ራምስዴል የተሰጠው በዚሁ መንገድ ለተገኘ እውቀት ነው። ልክ ነው፤ እኔም የማከብረው ሥራ ነው። ግን እንዴት እንደጸና እንመልከት። ስከርፊ በተባለው አይጥ ላይ የተገኘው የፎክስፒ3 ጂን ጉድለት በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2001፣ አንጀታቸው በገዛ መከላከያቸው በተጎዳ ወንድ ሕፃናት ላይም ተገኘ። እውቀት ያደረገው ይህ ከሰው ጋር የተደረገ ማመሳከር ነው፤ ዛሬ በየክፍሉ የሚዘለለውም እሱው ነው።

በሰው ላይ መመራመር አዝጋሚ ነው ለሚሉ፣ ከእኛው ሰዎች የተገኘ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በእስራኤል፣ ረሆቦት በሚገኘው ካፕላን ሆስፒታል፣ የዝቪ ቤንትዊች ቡድን አዲስ የገቡ ኢትዮጵያውያን ቤተ እስራኤልን ደም መርምሮ ሲዲ4 የተባሉት ቲ ሴሎቻቸው ቁጥር ዝቅ ብሎ፣ ቲ ሴሎቻቸው ያለማቋረጥ ነቅተው አገኘ። የሆድ ትላትላቸው ሲታከም ሁኔታው ተሻሻለ። አዲስ አበባ ላይም የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የጋራ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በጤነኛ አዋቂዎች ዝቅተኛ ሲዲ4 መዝግቧል። ከሰው ሁሉ ይልቅ ከንጹሑ አይጥ የሚርቀው እንዲህ በትላትልና በኢንፌክሽን የተቀረጸው አካል ሆኖ ሳለ፣ የእኛ የሕክምና ተማሪዎች የሚማሩት በአይጡ ሥዕል ነው። መምህራን በእያንዳንዱ ሥዕል ሥር ሦስት ነገር ይጻፉ፦ በየትኛው ፍጥረት ታየ፣ ፍጥረቱ እንዴት ባለ ቦታ አደገ፣ በሰው ላይስ ተረጋግጧል ወይ? ለዚህ አዲስ ላብራቶሪም አዲስ በጀትም አያስፈልግም፤ በመጪው ሴሚስተር መጀመር ይቻላል።